ልብስ ሰፊው የሰፋው ቁስል

ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣችለት አንዲት ደንበኛው ናት። ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ፣ ለብሳው፣ ልክክ ብሎላት፣ ሒሳቧን ከፍላ ልትወጣ ስትል «በግራ በኩል ሁለት ሚሊሜትር ወርዷል» ብሎ አስወለቃትና ቀሚሱን አስቀረው። ሴትየዋ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ንዴት ይዛ ሄደች፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም ሆድ ከምሳ በኋላ ስለሚነፋ ሱሪ የሚያሰፋ ሁሉ ጠዋት እንዲለካ ደንብ አውጥቶ ነበር። ከሰዓት የመጣውን «ሂድና ሆድህ ሲጎድል ተመለስ» ብሎ ይመልሰዋል። ደንበኛው እያጉረመረመ ይሄዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ይመጣል፤ ምክንያቱም የሚሊሜትርን ሱሪ የለበሰ ሰው የሌላ ሰፊ ሱሪ አይዋጥለትም።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። በር ላይ በእግር የምትዘወር ጥቁር የስፌት መኪና፣ በስተቀኝ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በስተግራ ያለቀላቸው ልብሶች የሚንጠለጠሉበት ሽቦ። ጣሪያው የደረጃው ሆድ ስለሆነ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ ረጅም ደንበኛ የሚለካው ደጅ ቆሞ ነው። ከመንገዱ ማዶ ፍራፍሬ ሻጮች በተርታ ተቀምጠዋል። የበሰበሰውን ወደ ቦዩ ስለሚጥሉት በሙቀት ወራት የዝንቡ ነገር አይነሣ። ሚሊሜትር በዚህች ክፍል ፔዳል እየረገጠ ሁለት ልጆች አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ልጆቹ ራቅ ብለው ይኖራሉ፤ ቤት ውስጥ የቀሩት እሱና ባለቤቱ ብቻ ናቸው።

ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ዓመታት አልፈዋል። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ በዚህ ከበሽታው ጋር የተስማማ ይመስለው ነበር። ጤና ጣቢያ «በየማታው እግርዎን ገልብጠው ይዩ» ብለውት ነበር። የሰው ሱሪ ጫፍ ሲያይ የሚውል ሰው የራሱን እግር ለማየት ጊዜ የለኝም ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እግሩ ደግሞ ቀስ በቀስ ደነዘዘ። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሩ። «የሰው እግር የተዋስኩ ነው የሚመስለኝ» እያለ ይቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን ማታ ሱቁን ዘግቶ ነጠላ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ጫማው አልላቀቅ አለው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ስፒል ነው። የወደቀች የልብስ ስፒል ጫማውን በስታ ከትንሿ ጣቱ ሥር ገብታለች፤ ፔዳሉም በደም ጠቁሯል። ቀኑን ሙሉ በስፒል ላይ ሲረግጥ ውሎ አንዳች አልተሰማውም። ስፒሏን ነቀለ፣ ጠረጋት፣ ወደ ስፒል ማኖሪያው መልሶ ሰካት፣ እግሩን በቁራጭ ጨርቅ አስሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ለባለቤቱ አልነገራትም።

ያልነገራት ፈርቶ ነው፤ የፈራውም ያለ ነገር አልነበረም። ከሱቁ ቀጥሎ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ እንደሱው ስኳር ያለበት። «አውራ ጣቴን ነካ አድርጎኛል» ብሎ ሆስፒታል ገባና ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ወጣ። ሱሪዎቹን ሁሉ የባዶውን እግር በኩል ቆርጦና አጥፎ የሰፋለት ሚሊሜትር ራሱ ነው። አንዱን ሱሪ ሰፍቶ ሲጨርስ ጨርቁ በእንባው ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ሲባል ፊቱ ድቅን የሚልበት መቀስ ብቻ ሆነ። የእሱ እግር ደግሞ እግር ብቻ አይደለም፤ ያለሱ መኪናዋ አትዞርም።

ቁስሉ አልዘጋ አለ። የስፒሏ ቀዳዳ ሰፋና አፍ አወጣ። ሚሊሜትር አሰበበት፣ አወጣ አወረደ፣ በመጨረሻ ልብስ ሰፊ ብቻ ሊደርስበት የሚችል መፍትሔ ላይ ደረሰ። የተቀደደ ነገር ይሰፋል። በቃ። በምሳ ሰዓት ሱቁን ከውስጥ ቀርቅሮ መርፌ ቀቀለ፣ ከክሮቹ ሁሉ ምርጡን፣ የሐሩን፣ መዘዘ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እግሩን ጉልበቱ ላይ ሰቅሎ ቁስሉን ሰፋው። ክሩ ከላይ የማይታይ፣ ለውድ ቀሚስ ጫፍ ብቻ የሚያወጣውን ዓይነት ስፌት። አንዴም «እህ» አላለም፤ አላመመውም። አለማመሙ ሊያስደነግጠው ሲገባ ደስ አሰኘው። ከጨረሰ በኋላ እግሩን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየውና ለማንም ማሳየት አለመቻሉ ቆጨው።

ሥጋ ግን እንደ ጨርቅ ዝም አይልም። ውስጥ የተዘጋበት ቆሻሻ ማበጥ ጀመረ፣ እግሩ ቀላ፣ ጋለ፣ ክሩም ሥጋውን ቀድዶ ወጣ። ፊት የስፒል ቀዳዳ የነበረው አሁን አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ሆነ። ሽታም መጣ። ሚሊሜትር አሁንም ለሰው አልተናገረም። «ነፋስ ካገኘ ይደርቃል» አለና ከመኪናው ሥር መጋረጃ ሰፍቶ ጋረደ። ከመጋረጃው ኋላ እግሩን ገልጦ በአንድ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ይውላል። ከላይ ደንበኛ ሲመጣ ፈገግ ይላል፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካል፤ ከታች ያለውን የሚያውቅ እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። ዝንቦቹም አውቀው ነበር። ጨርቅ ላይ የሚያርፉትን በካርቶን ያባርራቸዋል፤ ከመጋረጃው ኋላ የሚገቡትን ግን አያያቸውም፣ እግሩም አይነግረውም።

አንድ ቀን ፔዳሉ ላይ ነጭ የክር ቁራጭ አየ። ልብስ ሰፊ ቤት ክር መውደቁ ብርቅ አይደለም። በሁለት ጣቱ ሊያነሣው ሲል ክሩ ተኮማተረና መልሶ ተዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጠና ወደ እግሩ አጎነበሰ። ከቁስሉ ውስጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ነበሩ፤ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። ላቡ ከግንባሩ ላይ ጨርቁ ላይ ተንጠባጠበ። ትል የሚበላው የሞተን እንደሆነ ነው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው። «ሳልሞት ተጀመርኩ» አለ ለብቻው። እንዲህ ያለ ፍርሃትና እንዲህ ያለ እፍረት በአንድ ላይ መጥቶበት አያውቅም። ደንበኞቹ ቢሰሙስ? ንጽሕናው የሚወራለት ሰው፣ ነጭ የሙሽራ ልብስ የሚሰፋ ሰው! እግሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ካልሲ አለበሰበትና ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

ባለቤቱን «ጉንፋን ያዘኝ» አላት፤ ተኛ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። እሷ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ሆና የኖረች ሴት ናት። አፍንጫዋ የታወቀ ነው፤ ሱሪው ላይ ያመለጠውን ሕፃን ከአንድ ክፍል ልጅ መካከል በር ላይ ቆማ ለይታ ታወጣለች። የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ሚሊሜትር ራሱ እሷን ነው የሚጠቁመው፤ የሚጠራትም «እሜቴ» እያለ ነው። በማግስቱ እሜቴ ክፍሉ መሃል ቆማ አየሩን ሳበች።

«እዚህ ቤት አይጥ ሞታለች» አለች።

ቁም ሳጥኑን ጎተተች። ከኋላው ጠረገች። ከአልጋው ሥር ሻንጣውን አወጣች፣ ጫማውን አወጣች፣ መጥረጊያውን ሰደደች። ሚሊሜትርም እንዳይነቃበት ከአልጋው ላይ ሆኖ ያግዛታል፤ «ከመደርደሪያው ኋላ ትሆናለች»፣ «ኮርኒሱን መታ መታ አድርገሽ እዪው» ይላል። እሜቴ መደርደሪያውን አነሣች። ወንበር ላይ ወጥታ ኮርኒሱን አንኳኳች። ከዚያ ወረደችና ዝም ብላ ማሽተት ጀመረች፤ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወደ አልጋው ራስጌ መጣች፣ ወደ ግርጌው ሄደች። እዚያ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ አይጧ አንተ ነህ እንዴ?»

ብርድ ልብሱን ገለጠችው፣ ካልሲውን አወለቀች፣ ፕላስቲኩን ፈታች። ክው አለች። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ስፒል ወግታኝ ነው።»

«ስፒሏን አልጠየቅኩህም።»

«ቆየት ብሏል» አለ ሚሊሜትር። እግሩን ወደ ራሱ ሳበ። «አትንኪኝ እሜቴ። በስብሻለሁ። እባክሽ ጎረቤት እንዳይሰማ።»

«የስንቱን ልጅ ስጠርግ የኖርኩ ሴት አንተን ልጸየፍ? እኔን የሚያስጸይፈኝ ከእኔ መደበቅህ ነው። ካልሲ አጥልቀህ ኮርኒስ እያስፈተሽክ!»

«ይቆርጡታል። አይተሻል ሬዲዮ ጠጋኙን። እግሬን ከቆረጡት በምን እንኖራለን? እኔስ ምን ሆኜ ነው የምኖረው?»

«እኔ ያገባሁት እግርህን አይደለም» አለች። ይህንን ብላ ተነሣች። ንጹሕ ጨርቅ አምጥታ ቁስሉን ሸፈነች፣ ክንዷን በብብቱ ሥር አስገብታ አቆመችው። «ተደገፈኝ። ቀጥ በል። ልጅ አይደለህም። ተራመድ!»

የጤና ጣቢያው ቁስል የሚታጠብበት ክፍል መስኮቱ በወንፊት የታጠረ፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የመድኃኒት ሽታ የሚያውድበት ነው። ሚሊሜትር ተራው እስኪደርስ ከሰው ርቆ ጥግ ቆመ። ቁስል የምታጥበው ሲስተር ትከሻዋ ሰፊ፣ አነጋገሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጨርቁን ስትፈታ እሱ እግሩን አላየም፤ የሚያየው ፊቷን ነበር። ትጮኻለች፣ አፍንጫዋን ትይዛለች ብሎ ሲጠብቅ «እህ» ብቻ አለችና መብራቱን አስጠጋች። ጓንቷን ቀየረች፣ መቆንጠጫዋን ያዘች፣ ትሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ብረት ሳህን ውስጥ ትጥላቸው ጀመር። በመካከል እጇ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» መቆንጠጫው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ የማይንቀሳቀስ። «ክር ነው? ማነው ይህንን የሰፋው?»

እሜቴ ወደ ባሏ ዞረች። ሚሊሜትር ጣሪያውን አየ።

«እኔ ነኝ።»

«በምን ሰፉት?»

«በሐር ክር።»

ሲስተር ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እየያዘች ነበር። ከሥጋው ዳር ተርፎ የቀረውን ስፌት በመብራቱ አየችው። «አባቴ፣ ስፌቱስ ያምራል። እንዲህ ያለውን እኛም አንሰፋም። ቁስልን ግን ከነቆሻሻው ሰፍተው ሲዘጉት ነው እዚህ የደረሰው።»

«እግሩን ሰፋው!» አለች እሜቴ እጇን አናቷ ላይ ጭና። «ጌታዬ፣ እግሩን ሰፋው!» መሳቅ ጀመረች፤ ከሳቁ መሃል እንባዋ መጣና ሁለቱን መለየት አልቻለችም።

«ሲስተር፣» አለ ሚሊሜትር ቀስ ብሎ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። በስብሼ ነው አይደል ትል ያፈራሁት?»

«ትል ማንም ሰው አያፈራም። ዝንብ ክፍት ቁስል ካገኘች እንቁላሏን ትጥላለች፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ያ ነው ሌላ ነገር የለውም። ሕፃን ላይ አይቻለሁ፣ ጎረምሳ ላይ አይቻለሁ፣ ሀብታም ላይም አይቻለሁ። እርስዎን የጎዳዎት ትሉ አይደለም፤ መደበቅዎ ነው። ነዳጅ ወይ በረኪና አፍስሰውበት ቢሆን ደግሞ የባሰ ነበር።» የቁስሉን ውስጥ በነጭ ጎዝ ጠረግ አድርጋ ጨርቁን አሳየችው። ቀይ ነበር። «ይኸው ይደማል። የሞተ ሥጋ አይደማም።»

ሚሊሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እግሩ አየ። ደሙን አይቶ እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ነፍስ ዘራ። ወዲያው ሙያው ትዝ አለው መሰለኝ «ታዲያ አሁን አንቺ ትሰፊዋለሽ?» አላት።

«አልሰፋውም። ከሥር ወደ ላይ ራሱ እየሞላ ነው የሚዘጋው።»

«ቀዳዳው ክፍት ሆኖ? ሳይጣፍ?»

«ሳይጣፍ።»

ይህ ነገር ፈጽሞ ሊገባው አልቻለም፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የገባው አይመስለኝም።

ሲስተር ሆስፒታል ላከቻቸው፤ እዚያ ሐኪሙ ሲያየው ግን አልቀለደም። ቁስሉ ጥልቅ ነው፣ አጥንቱን ነክቶት ሊሆን ይችላል፣ ራጅ መነሣት አለበት፤ አጥንቱ ከተበላሸ የተበላሸው ይቆረጣል አለ። ሚሊሜትር «ከየት ላይ?» ብሎ ጠየቀ። «ራጁን ሳላይ አልናገርም» አለው። «በግምት፣ በሴንቲሜትር ንገረኝ» አለ። ሐኪሙ አልነገረውም። ራጁ እስኪወጣ ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። እሜቴ እጁን ያዘችው። ሰው ፊት እጁን ይዛው አታውቅም ነበር፤ እሱም አላስለቀቀም። የሬዲዮ ጠጋኙ ሱሪ፣ የታጠፈው ጨርቅ፣ የራሱ እጅ ስፌት እየተመላለሰ ይመጣበታል። «ብቻ መርገጥ ይተውልኝ» ይላል በልቡ። «ሌላውን ይውሰደው፣ መርገጥ ብቻ ይተውልኝ።»

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ በእርሳስ ጠቆመ። የተበላሸው የትንሿ ጣት አጥንት ነው። እግሩ ደኅና ነው። ትንሿ ጣት ትወጣለች፣ እግሩ ይቀራል፣ መድኃኒቱን ከወሰደና በእግሩ ካልረገጠ ይድናል።

ሚሊሜትር እንደ ልጅ አለቀሰ። ሐኪሙ ያዘነ መስሎት «አይዞዎት» ይለዋል፤ እሱ ግን ከደስታው ብዛት አፉ አልታዘዝ ብሎት ነው። እሜቴ ቀድማ አፏን ፈታች። «ለዚህች ጣት ነው ይሄ ሁሉ ድብብቆሽ? ሁልጊዜም ከካልሲ ስትሾልክ አይቻታለሁ፤ ትሂድ!»

ጣቷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ከባዱ ነገር አለመርገጥ ሆነ። ቁስሉ እስኪሞላ በዚያ እግር ፔዳል የሚባል ነገር ክልክል ነው፤ ሌላኛው እግርም ብቻውን ሲሠራ ቢውል እሱም ይጎዳል። ሚሊሜትር ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ጀመረ። አልበላም፣ አልተጫወተም። እሜቴ ጥቂት ታገሠችውና አንድ ቀን ጠዋት «ተነሥ፣ ሱቅ እንሂድ» አለችው። ከመኪናው ፊት የነበረውን ወንበር አውጥታ አግዳሚ አስገባች። እሱን በአንድ በኩል አስቀምጣ እግሩን ሳጥን ላይ ሰቀለችው፤ እሷ በሌላው በኩል ተቀመጠችና ሁለት እግሯን ፔዳሉ ላይ አኖረች። በእጁ እሱ፣ በእግሯ እሷ።

የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። «ቀስ! እጅጌ ነው ይሄ!» ይላል። «አንተ ዝም ብለህ ጨርቅህን ግፋ!» ትላለች። መርፌ ሰበሩ፣ ክር አወሳሰቡ፣ አንዱን ኪስ አፉን ደፍነው ሰፉት። ደረጃውን የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ ቆም ብሎ ያያቸዋል፤ ፍራፍሬ ሻጮቹ ንትርካቸውን ለመስማት ገበያቸውን ትተው ይሻገራሉ። ሰንበት ሲል ግን እግሯ እጁን ለመደው። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሳይነግራት ትቀንሳለች፣ ቀጥ ያለ ስፌት ሲሆን ትለቀዋለች። ሚሊሜትር የመኪናዋን ድምፅ እየሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት «አቧራ ነው» ይላል። አቧራ አልነበረም። በሕይወቱ ሙሉ ብቻውን ይሠራው የነበረውን ነገር ለሁለት ሲሠሩት እንደሚጥም አያውቅም ነበር፣ ያ ነው።

ቁስሉም እንደተባለው ከሥር ወደ ላይ ሞላ። ሲስተር ፋሻውን በፈታች ቁጥር አንገቱን ሰግጎ ያያል፤ አዲሱ ሥጋ በዳር በዳር ሲገጥም ጥራቱን ይመረምራል። «ማን እንደሠራው እንጃ እንጂ ሥራ ያውቃል» አላት አንድ ቀን። በመጨረሻ ፋሻ አያስፈልግም ተባለ። ሚሊሜትር ወደ ፔዳሉ ተመለሰ፣ አሁን በካልሲና በደኅና ጫማ። እሜቴ ደግሞ በየማታው መነጽሯን አድርጋ እግሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትፈትሸዋለች፤ «ጣትህን ዘርጋ፣ ገልብጥ፣ ሌላውን አምጣ» እያለች፣ ልክ እንደ መዋዕለ ሕፃናቱ።

በኋላ ላይ እሜቴ ልጇ ወልዳ ልታርሳት ሄደች። በሌለችበት ወቅት የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሥራ መጣለት፤ ብዙና አስቸኳይ። እሷ በምትመለስበት ቀን ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ካልሲውን ሲያስተካክል ተረከዙ ላይ ቀይ ነገር አየ። ቁልፍ የምታህል ናት። ቆዳዋ ተልጧል። አላመመውም።

ያ ሁሉ ፍርሃት ዛሬ እንደሆነ ነገር ከነሽታው ተመልሶ መጣበት። ነገ ትጠፋለች አለ። የደንብ ልብሱ ይለቅና አሳያታለሁ አለ። ገና ከመንገድ መግባቷ ነው፣ ደክሟታል፣ ምን አስጨነቃት አለ። ካልሲውን መልሶ አጠለቀ፣ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። አልረገጠም። ከዚያ መኪናዋን ሸፈናት፣ ያላለቀውን ልብስ አጣጥፎ አስቀመጠ፣ በሩን ቆልፎ ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሜቴ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ደረሰ። አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ።

«እሜቴ» አለ። «ነይ እስኪ፣ እግሬን እይልኝ።»

እጇ ሻንጣው ላይ ቀረ። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እግሩን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችና ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጫማው ነው የላጠህ» አለች። «ገና ነው፣ ምንም አላለም። ግን ነገ ጠዋት ሱቅ የለም፤ ሲስተር ጋ እንሄዳለን።»

«እሺ» አለ ሚሊሜትር።

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሳይከራከር እሺ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሜቴ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያም ትኩሳት ይኖረው እንደሆን ብላ ግንባሩን ዳበሰችው።